ድምፁ የመጣ ቀን

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ሻዬን ሳልጨርስ ኮምፒውተሩ ድራይቨሮቹን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ጭኖ፣ ጠፍቶ ተነሳ። ሲነሳ ከስፒከሩ አጭር ድምፅ ወጣች፤ እጄን ሰድጄ ስፒከሩን አጠፋሁት። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ «ምነው፣ ደህና አይደለህም?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

ያኔ ድራይቨር፣ ማሽኑን ከድምፅ ካርዱና ከመሳሰሉት ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ በእጅ ነበር የሚጫነው። እኔ ጅማ ኮምፒውተር የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ሰቶ ሰመሮ የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ስኖር የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነሩ» ይለኛል፣ እኔም አላርማቸውም።

አባቴ የሚኖረው አጋሮ ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ታላቅ እህቴ እናታችን ታማ ሳለች ስታወራ በስልኳ ቀድታት ኖሮ፣ ስልኩ ሳይሰረቅ በፊት ቅጂውን አባቴ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣለት ነበር። አባቴ በየቀኑ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይሰማታል። እናቴ ቁም ነገር እንኳ አታወራም፤ ከተኛችበት «ደመናው ከብዷል፣ የተሰጣውን ቡና አንሱ» እያለች ትቆጣለች፣ ከዚያ ሳል ያቋርጣታል። አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ድምፅ ጠፋና አባቴ ደወለልኝ።

«የእናትህ ድምፅ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ና እስቲ እየው።»

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለ ጥገና ቤት የተዋስኩትን የድራይቨር ሲዲ ከአቧራ እንዲተርፍ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሳሎኑ ጥሬ ቡናና ጆንያ ይሸታል። ማሽኑን ስከፍት የድምፅ ካርዱ ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት አየሁ፤ የተበላሸው ድራይቨሩ ነው። አሮጌውን አጠፋሁና ከሲዲው ውስጥ ስሙ የሚቀርበውን መርጬ ጫንኩ። ትክክለኛው አልነበረም። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

ጅማ ላይ ያኔ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የምናውቀው መድኃኒት ፎርማት፣ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን፣ ነበር። ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ማሽኑ የሚሠራበትን ሲ እናጠፋለን፣ ሰው ፋይሉን የሚያኖርበትን ዲ አንነካም። ዲስኩን ነቅዬ ጅማ ወስጄ መጀመሪያ ፋይሉን ማውጣት እንደምችል አውቅ ነበር። ግን አባቴ ጎረቤቱን «ልጄ ሲሠራ ና እይ» ብሎ ጠርቶታል። ኢንጂነሩ በሰው ፊት አልቻልኩም ይበል? እህቴን እንኳ ደውዬ አልጠየቅኳትም።

«ምንም አይጠፋም?» አለ አባቴ።

«አባ፣ ዲ እኮ አይነካም» አልኩት፤ እሱ ዲ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስል።

ሲን አጥፍቼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ። ከሰዓት በኋላ ከሲዲው ትክክለኛው ድራይቨር ገባ፣ ስፒከሩም ጮኸ። ጎረቤታችን «ማሻአላህ» አለ። አባቴ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ፣ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ቶሌ፣ እሺ። በል እሷን አምጣልኝ» አለኝ።

ዲ የሚባለውን ከፈትኩ። ፊልም አለ፣ መንዙማ አለ፣ የእህቴ የትምህርት ቤት ወረቀት አለ። እናቴ የለችም። አባቴ ፎልደር መክፈት ስለማይችል፣ እንዳይቸገር ብላ እህቴ ቅጂውን ስክሪኑ መሀል ላይ ነበር ያስቀመጠችለት። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል።

አባቴ ፊቴን አይቶ ገባው። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና «ጋሪዳ፣ ደህና ነው፣ ልጄ። ምሳህን ብላ» አለኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ እህቴ መጣች። ስትሰማ እንባዋ ቀደማት። «ማን ነው የነካው?» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ «እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ አንዱን ተጫንኩት» አላት። ከዚያች ቅጂ በቀር ምንም አትንካ ብዬ ስንቴ ነግሬሃለሁ እያለች ሽማግሌውን ሰው እንደ ሕፃን ተቆጣችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አባቴ ከሞተ ቆየ። እህቴ ያን ቀን ስለተቆጣችው እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። እኔም አይዞሽ እላታለሁ።