እናቴ የጣፈችው ድንኳን

በቀደም ሀይሌ ጋርመንት ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ዝናብ የመታው ሸራ ሽታ በመስኮቱ ገባ። መንገዱ ዳር የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሾፌሩ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ተወው አልኩት። ያ ሽታ ያደግኩበት ቤት ሽታ ነው።

እናቴ ጎፋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈራችን እድር ድንኳን በተቀደደ ቁጥር ተጠቅልሎ እኛ ቤት ይመጣል፤ አንዲቷን ክፍላችንን ስለሚሞላት ላዩ ላይ እንተኛ ነበር። ሸራው ለስፌት መኪናዋ ስለሚከብድ አብዛኛውን የምትጥፈው በእጇ ነው። ጣቷ ሲደማ "ለራሳችንም እኮ ነው" ትላለች።

አባቴ ሌላ አግብቶ ከሰፈሩ የወጣው እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። መውጣቱንስ ቻልነው። ችግሩ እድሩ መዝገብ ላይ ያለው የሱ ስም ብቻ መሆኑ ነበር። በወሩ ስብሰባ ላይ የእድሩ ዳኛ "አባልነቱ የባልየው ነው፤ እሷ እንደ አዲስ ታመልክት" አሉ። አዲስ አመልካች ደግሞ ተራው ሳይደርስ ቢሞት እድሩ አይቀብረውም። እናቴ ስትፈራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ድህነትን አልፈራችም፤ ያለ ሰው መቀበርን ግን ፈራች።

ሴቶች ከኋላ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይናገሩም ነበር። እኔ ተነሳሁ። እናቴ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ "ተቀመጪ፣ ዝም አይነቅዝም" አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

"ድንኳኑን የጣፈው ማነው?" አልኩ።

ዳኛው ሳቁ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። እስቲ አስቀምጡልን።"

እናቴ ስፌት የምትተረትርበትን ምላጭ ከቦርሳዋ አወጣሁና፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን ድንኳን ገልጬ መተርተር ጀመርኩ። የሷን ስፌት ብቻ። ሰው ተንጫጫ፤ "ልጅቷን ለክፏታል" ያለም ነበር። ዛሬም ምክር ቤት እጄን ሳወጣ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አሉ። ይጨፍገጉ፤ ከነዚያ ሽማግሌዎች አይብሱብኝም።

ሁለተኛውን መጣፊያ ልጀምር ስል እናቴ ተነስታ መጣች። ምላጩን ልትቀማኝ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ቆመችና "ተዉአት። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ትፍታው" አለች። እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

ዳኛው የተተረተረውን ሸራ አይተው ወደ ጸሐፊው ዞሩና "ጻፋት፤ በራሷ ስም" አሉ። ቤት ስንገባ እናቴ አንዴ ቆነጠጠችኝና የተረተርኩትን በሙሉ መልሼ እንድሰፋ አደረገችኝ።

ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ሰፈሩ መርጦኝ ምክር ቤት የገባሁት። እናቴ አይታልኛለች። ያረፈችው አምና ነው፤ ስትቀበር ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ከቀብሯ በኋላ እድሩ የሷን ስም ሰርዞ በቦታዋ ሊመዘግበኝ ጠራኝ። "አይሰረዝም" አልኩ፤ "የኔን ከስሯ ጻፉ።" ወጣቱ ጸሐፊ ስለ ደንቡ ሊያስረዳኝ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ምክር ቤት እንደምንጠራራው፣ ከስሜ ፊት "የተከበሩ" ብሎ ጻፈ።

"ቦታው እዚያ አይደለም" አልኩት፤ ከላይ ያለውን መስመር በጣቴ እያሳየሁት። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና ከእናቴ ስም ፊት ጻፈው።