የበላሁት የስለት ዘቢብ

እናቴ ለኅዳር ቁስቋም ልትመጣ ነው! ዛሬ ጠዋት ደውላ ነገረችኝ፤ ለብቻዬ መያዝ አቅቶኝ ነው የምጽፈው።

እናቴ ቆጵሮስ ደሴት ላይ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። የአሮጊቷ ልጆች ወይን ጠማቂዎች ስለሆኑ፣ ወይኑ ሲደርስ እሷም ለቀማ ትወጣለች። የተለቀመውን እንደኛ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ተጨማዶ ጣፋጭ ሲሆን ነው የሚጨመቀው። "እኔና ወይኑ አብረን ተሰጥተናል፤ ብታዪኝ አታውቂኝም" እያለች ትስቃለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቤቱ ጭር ይላል። አብሬያት የምኖረው አክስቴ ፒያሳ ካለው ሱቋ እስክትመለስ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው።

ክረምት መግቢያ ላይ እናቴ አንድ ከረጢት ዘቢብ በሰው ላከች። የስለት ነው፤ ለፍልሰታ ቅዳሴ ወይን እንዲሆን ለንስሐ አባታችን እንድሰጥ። "እጅሽ እንዳያርፍበት!" አለችኝ። ዘቢቡን ግን የለቀመችውም ያደረቀችውም እሷ ናት። አንዲት ፍሬ ብቻ እያልኩ፣ አፌ ውስጥ ሳለች እናቴ አጠገቤ ያለች እየመሰለኝ፣ ነሐሴ ሳይገባ ከረጢቱ ባዶ ሆነ።

"አደረስሽልኝ?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን መስማት ፈራሁ። መስከረም ካለፈ በኋላ፣ በአፌ አልወጣ ያለኝን ደብተር ላይ ጻፍኩት። ሦስት ገጽ ሞላ! ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም።

"ምነው፣ ስልኩን እንደ እንቁላል ታቀፍሽው? ሊፈለፈል ነው?" አለች አክስቴ።

ዛሬ እናቴ ደወለች። "ደጋግሜ አነበብኩት። የስለት መብላትሽ ነውር ነው፤ ለአባ ራስሽ ትናገሪያለሽ። ግን ልጄ በዘቢብ እየተጽናናች እኔ እዚህ የሰው ወይን ሳሰጣ ልኑር? ለቀማው አልቋል። ዝም ያልኩሽ ከአሮጊቷ ልጆች ፈቃድ እስካገኝ ነው።" ቀጥላም፣ "ደሞ ሸጋ አድርገሽ ጽፈሻል" አለች።

በሩጫ ወደ አባ ሄጄ ተናዘዝኩ።

"ስንት ፍሬ በላሽ?"

"ሁሉንም፣ አባ።"

"ቢጣፍጥ ነዋ!" አሉና ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴ ቢያመኝም ደስ ብሎኛል።

እናቴ አንድ ነገር አደራ ብላኛለች፤ "እንዳንቺ እናቱ ሩቅ አገር ያለችበት ልጅ ካለ ለበዓሉ ጥሪልኝ።" ስለዚህ እናንተ፣ ስልክ ታቅፋችሁ የምትውሉ፣ ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ስትወርዱ ሰማያዊ በር ታገኛላችሁ። ሳታንኳኩ ግቡ።