ክንፏን አቁሚልኝ

ዛሬም ሙሽሮች አቁሜ ላነሳ ስል፣ ከጀርባዬ አንድ ሽማግሌ «አሁን!» የሚሉኝ ይመስለኛል። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፤ ትንሽም ያሳፍረኛል።

ጋምቤላ ከተማ ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ፍላሼ የሠርግ ፍላሽ ነው፤ ሁልጊዜም እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነው የምሠራበት፣ ምክንያቱም ፊቱ ያልበራለት ሙሽራ ይቆጣል። እንግዲህ በዚህ እውቀቴ ነው የምትበር ወፍ ላነሳ ባሮ ዳር የወረድኩት።

ያወረዱኝ አንድ አኙዋክ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የልጃቸውን ሠርግ ሳነሳ ተዋወቅን። ድሮ መርከብ ይቆምበት በነበረው ዳርቻ፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት መረባቸውን ይጠግናሉ። ከፊታቸው ጥቁርና ነጭ የሆነች ዓሣ አዳኝ ወፍ ትመጣለች። ውኃው ላይ ክንፏን እያርገበገበች አንድ ቦታ ትቆይና እንደ ድንጋይ ትወርዳለች።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አያታለሁ» አሉኝ። «ሆዷን አያለሁ፣ አፏን አያለሁ። ክንፏን ግን አላየሁም፤ ይፈጥናል። አንቺ በዚህ መብራት ሰው ታቆሚያለሽ። ክንፏን አቁሚልኝ።»

ዓይናቸውን አሹ። ሆስፒታል ሄደው ግላኮማ ነው ተብለዋል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል።

«ቶሎ ግን፣ ልጄ» አሉ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ማንጎው ስለሚያጨልም ያለ ፍላሽ አይሞከርም። ፍላሹ ደግሞ አንዴ ከበራ ተመልሶ እስኪሞላ ወፏ ጠልቃ፣ ዓሣዋን ውጣ ሄዳለች። መቼ እንደምጫን የሚነግሩኝ እሳቸው ነበሩ። ወፏ ልትወርድ ስትል አንገቷን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ያቺን ታህል ነገር ያዩና «አሁን!» ይላሉ። በራሴ ስሞክር ውኃ ብቻ አነሳለሁ። እዚያው ዳርቻ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «ዛሬስ ባሮን ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት ያነሳሽው?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም ተናድጄ ስመልስላቸው ሽማግሌው ከሁላችንም በላይ ይስቃሉ። የረጠበው መረብ ሽታ፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ ቀዝቃዛው አሸዋ፣ ሁሉም እንዳለ ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ፎቶ ተገኘ። ወፏ መሃል ላይ ናት፣ በግራ በኩል የሽማግሌው ጀልባ ጫፍ ገብቷል፣ ክንፎቿ ግን እንደ ጭስ ተበትነዋል። ካሜራውን አቀበልኳቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ብዙ ቆዩ።

«ይቺን ስጪኝ» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ ይቺማ ተበላሽታለች! ጥርት ያለውን አመጣልዎታለሁ።»

«ይቺ ጥሩ ናት።»

ካሜራውን ተቀብዬ በአውራ ጣቴ ሰረዝኳት። መሰረዜን እሳቸው አላወቁም። የደበዘዘ ፎቶ ከፎቶ ቤቴ ወጣ እንዲባል አልፈለግኩም፤ ግትር ነበርኩ፣ ኩራተኛም ነበርኩ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ባሮ ሞልቶ ማንጎው ሥር ደረሰ፤ ወራቱ እንዲሁ አለፉ። ውኃው ሲጎድል ተመለስን፣ እኔም ደጋግሜ እየተሳሳትኩ ምስጢሩን አገኘሁት። ፍላሽ ሲቀነስ ብልጭታው ያጥራል፤ ክንፍ የሚያቆመው ያ አጭር ብልጭታ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን ስጨምር ኖሬ፣ መቀነስ የት ትዝ ይለኛል? ብርሃኑ ስላነሰም መጠጋት ነበረብኝ። ሴቶቹ «አዞ አለ፣ ውጪ!» እያሉ ሲጮኹ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ቆምኩ። ወፏ አንገቷን ስትሰበስብ በገዛ ዓይኔ አየሁና ተጫንኩ። ሽማግሌው «አሁን» ማለት ካቆሙ ሰንብተው ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ፎቶው ጥርት ያለ ነበር። እያንዳንዱ ላባ ይቆጠራል፣ የውኃው ጠብታ እንኳን አየር ላይ ቆሟል። ከወፏና ከውኃው በቀር ምንም አልገባበትም። በትልቁ አሳትሜ በማግስቱ ጠዋት እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገልብጠው ነው የያዙት። ላስተካክልላቸው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

በጣታቸው ወረቀቱን ቀስ አድርገው ዳሰሱ። «ክንፏ እንደ ጭስ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «እዚህ ጋ ደግሞ የእኔ ጀልባ አለች። አይደል?»

ሴቶቹ ማጠባቸውን ትተው ወደ እኛ ዞሩ።

«በመጨረሻ ሰጠሽኝ፣ ልጄ» አሉ።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ። «ያቺው ናት።»