አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ሰው የዓይኑን ጸጋ የሚያስተውለው እክል ሲገጥመው ነው። ጸጉር አስተካካዩ ጎልማሳነቱን ሊያገባድድ ሲል የግራ ዓይኑ ወደ ውስጥ ዞረበትና ከመስታወቱ ፊት የተቀመጠው ደንበኛ ሁሉ ሁለት ራስ ያበቅልበት ጀመር። ባልደረባው፣ «አንዱን ላጭተህ የሁለት ልታስከፍል ነዋ» እያለ ያስቀዋል፤ እርሱ ግን ምላጭ መያዝ ከተወ ሰንብቷል። ሥራ የፈታ እጅ ቤት እንዳይፈታ ይፈራ ነበር።

ሐኪሟ ዓይኑን የሚያዞሩት ጡንቻዎች በቀዶ ጥገና እንደሚስተካከሉ ነግራው ማደንዘዣውን እንዲመርጥ ጠየቀችው። በሙሉ ሰመመን ቢሆን ምንም ሳይሰማው ተኝቶ ይነሣል፤ በዚያች ሰዓት ግን ሐኪሟ የምትመራው በልኬቷ ብቻ ነው። ዓይኑ ብቻ ቢደነዝዝ ነቅቶ ይቆያል፤ ጡንቻው የሚሰፋበት ክር ከመቋጠሩ በፊት የሚያየውን ይናገራል፤ እርሷም በቃሉ ታስተካክላለች፤ ጡንቻው ሲሳብ ግን ሕመሙ ፈጽሞ አይጠፋም። ለአንዱ የተስማማው ለሌላው ላይስማማ እንደሚችልም አልሸሸገችውም።

ሚስቱ እንዲተኛ አጥብቃ ለመነችው። «እሾህ ሲወጣልህ እንኳ ሰፈር የምትቀሰቅስ ሰው!» አለችው። አልካደም። ሆኖም ስለ ዓይኑ ከራሱ በላይ ማን ይመሰክራል ብሎ መንቃትን መረጠ።

ጠብታውና መርፌው በቀላሉ አለፉ። ጡንቻው ሲሳብ ግን ከዓይኑ ጀርባ ተነሥቶ ሆዱ ድረስ የሚወርድ ነገር ተሰማው፤ ወደ ላይ ወደ ላይ አለው፤ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ሐኪሟ በጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አሳይታ፣ «አባቴ፣ አንድ ነው ወይስ ሁለት?» አለችው።

መብራቷ ከመንታዋ ጋር ተጠጋግታ ቆማለች፤ ልትገጥም ጥቂት ቀርቷታል። «አንድ» ቢል ክሩ ይቋጠራል፣ ሥቃዩም ያበቃል። እርሱ የሚያየውን ሌላ የሚያይ የለምና ማንም አይነቃበትም። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ቀስ በቀስ ይገጥም ይሆናል ብሎም ራሱን አባበለ።

«ልጄ፣ ገና ሁለት ነው» አለ።

«እንግዲያው ጥቂት ይታገሡኝ» አለችው።

ዳግመኛ ሳበችው። ጥርሱን ነክሶ በልቡ ጸሎት ጀመረ፤ መሐል ላይ ቢጠፋበት ከመጀመሪያው ተነሣ። ሳይጨርሰው መብራቶቹ ተነካኩ፣ አንዷም በሌላዋ ውስጥ ገባች። ሐኪሟ ጠየቀችው፤ እርሱ ግን በመልሱ አልቸኮለም።

«ቆዪ፣ በደንብ ልየው» አለና ቀኝና ግራዋን መረመረ። ከዚያም፣ «አንድ ነው። አሁን ቋጥሪው» አላት።