ሙሽራ ያልተገኘለት ኬክ

ኖኩዞላ መኪና ኖሯት አያውቅም፤ ጋራዥ ግን ነበራት። ምዳንትሳኔ የተባለው ሰፈሯ ዳር የነበረው የልብስ ፋብሪካ ሲዘጋ ከተበተኑት ሰፊዎች አንዷ ነች። ጎረቤቱ ጦሙን ማደር ሲጀምር፣ ከተማ ያለውን ትልቅ ሱቅ ደጅ ጠንታ የተረፈውን ምግብ በዚያች ባዶ ጋራዥ ማከፋፈል ያዘች። ሱቁ የሚልከው ታዲያ የተረፈውን እንጂ የተራበው ያማረውን አይደለም። አንዳንዴ ጥቅል ጎመን ብቻ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሰናፍጭ ብቻ መጣ፤ የዚያን ሳምንት ሰፈሩ ያነባውን እንባ ለቀብር እንኳ አላነባም።

አንድ ዓርብ የመጣው ደግሞ ኬክ ነው። ያዘዘው ሰው ሳይወስደው የቀረ፣ ስም የተሳሳተበት፣ ጠርዙ የተጨፈለቀ። ኖኩዞላ ለባለ ብዙ ልጆቹ አስቀድማ አደለች። አባባ ለማለት ሰፈሩ ታታ የሚላቸው ታታ ምቡሌሎ አርፍደው ሲደርሱ የተረፈው «መልካም ጋብቻ» የተጻፈበት ባለ ሦስት ደርብ ነጭ ኬክ ብቻ ሆነ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን በዘበኝነት የኖሩ፣ ሚስት የሚባል ያላዩ ሽማግሌ ናቸው። ኬኩን በእጅ ጋሪ ጭነው በዋናው መንገድ እየገፉ ሄዱ። ሴቶች ከየበሩ ወጥተው እልል አሉ። እሳቸው መጀመሪያ ላይ ነገሩን ለማስረዳት ሞክረው ነበር፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን ባርኔጣቸውን እያነሱ እንኳን ደስ ያለዎትን ይቀበሉ ነበር።

ወሬው ገጠር ደረሰ። እሑድ ታላቅ ወንድማቸው ታታ ዊልሞት ዘመድ አስከትለው፣ ሳይነገረን እንዴት ብለው እየተቆጡ መጡ። ሙሽራዋ የት አለች ሲባል ታታ ምቡሌሎ ኖኩዞላን ጠይቋት አሉ። ሽማግሌዎቹም ኮታቸውን ቆልፈው ጋራዡ በር ላይ ተሰለፉ። እሷ የጠወለገ ጎመን ትለቅም ነበር።

«ማማ፣ ልጅዎን ለወንድማችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው፤» አሉ ታታ ዊልሞት።

ልጅ እንደሌላት፣ ኬኩም ከሱቅ የተራረፈ እንደሆነ አስረዳች። አልተዋጠላቸውም፤ ድግሱን የላከ ቤት ሙሽራዋን ይደብቃል እንዴ ተባባሉ።

«ታታ፣ የተረፈው ኬክ ነው። ሙሽራ አልተረፈም፤» አለች በመጨረሻ።

«ቀደም ብለው ቢነግሩን ለሠርጉ ብለን ፍየል አናርድም ነበር፤» አሉ ታታ ዊልሞት።

ዘወር ብለው መከሩ፤ ፍርዱም ተነገረ። ኬክ ሰጥቶ ሙሽራ የከለከለ ቤት ባለዕዳ ነውና ኖኩዞላ ሚስት እስክትገኝ ወንድማቸውን ትቀልባለች። ሰውየው ካምና ጀምሮ እዚሁ እንደሚበሉ ብትነግራቸው፣ ፍርዱን አስቀድማ በመፈጸሟ አመሰገኗት። የተረፈውን የፍየል ሥጋም ላኩላት። ጋራዡ ሥጋ ሲገባበት ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ሲመሻሽ ታታ ምቡሌሎ የክት ጃኬታቸውን ለብሰው መጡ። ኖኩዞላ ቆጣ ብላ ምነው ዘመዶችዎን እኔ ላይ ላኩ አለቻቸው።

«ልጄ፣ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው፤» አሉ ሽማግሌው። «አይደለም ብዬ ላሳፍራቸው?»

ኖኩዞላ ቢላዋ አቀበለቻቸውና ሥጋውን አብረው ይመትሩ ጀመር።