ጉልላት የሌላት ታንክ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ከፎቶ ኮፒ ማሽን የወጣ ትኩስ ወረቀት ሲሸተኝ፣ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ የነበረችው ጠባቧ ማድ ቤታችን፣ ማሞቂያው ላይ የተሰጡት እርጥብ ጓንቶቼ፣ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ አጉሊ መነጽር የያዘው አባቴ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ነገሩ የተጀመረው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ሚኒያፖሊስ በነበረ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። ወንዶቹ የአባቶቻቸውን ጀግንነት እያነሱ ሲጫወቱ፣ ጋሽ ተስፋዬ የሚባል የአባቴ የአገሩ ልጅ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ አባቴ ዞሮ «አንተ እንኳ ዝም በል፣ ያንተ አባት የጣሊያን መኮሮኒ ሲበላ ነው የከረመው!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ባንዳ ነበር ማለቱ ነው። አባቴ ግን አልሳቀም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታክል ፎቶ ነበረችን፤ አያቴ በቅሎ ይዞ፣ ጀርባውን ለአንድ ታንክ ሰጥቶ የቆመባት። ጣሊያንን ሊያስወጣ ለመጣው የእንግሊዝ ጦር መንገድ መሪ እንደነበር፣ ፎቶዋንም በዚያው ዘመቻ ላይ እንደተነሣ፣ ለልጆቹ ነግሯቸው ነበር የሞተው።

«ከጦርነቱ በኋላ ማንም ታንክ ሥር ቆሞ ይነሣል» አለ ጋሽ ተስፋዬ።

«እስከ ፋሲካ በማስረጃ አሳይሃለሁ። ካልቻልኩ ፎቶዋን ከግድግዳዬ አወርዳታለሁ» አለ አባቴ፣ ያን ሁሉ ሰው ምስክር አድርጎ።

አባቴ አገር ቤት ሳለ የታንክ መካኒክ ስለነበር፣ እኛ ሰውን በመልኩ እንደምንለይ እሱ ታንክን በሰንሰለቱና በጎማው ይለይ ነበር። በረዶው ከተከመረ በኋላ፣ ሻኮፒ ካለው መጋዘን ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «ነይ እስቲ፣ እንግሊዝኛሽን ይዘሽ ነይ» ይለኝ ነበር። ከእንግሊዝ አገር በፖስታ ያስመጣውን የዚያን ጦር የዕለት መዝገብ ቅጂ እያነበብኩ እተረጉምለት ነበር። ብዙው ስለ ጭቃ፣ ስለ ነዳጅና ስለ ተበጠሰ ሰንሰለት ነው። ሲደጋግምብኝ ተሰላችቼ፣ አውቃለሁ ለማለት «አይ ኖው፣ ዳድ!» ስለው፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቱ እትዬ የሺ ከሶፋው ላይ ሆና «በሰው ቋንቋ መልሺለት እንጂ!» ትለኝ ነበር። እሷን ግን ስለ ታንኩ የጠየቃት የለም፤ የአባትና የልጅ ሥራ አድርገነው ነበር።

መዝገቡ ከዚያ ጦር ጋር የሄዱት ቀላል ታንኮች በሙሉ «ማርክ ስድስት ቢ» እንደነበሩ ይናገራል። አባቴ ከመጽሐፍ ያስገለበጣቸው ሥዕሎች ደግሞ የዚህን ታንክ ሦስት ዓይነቶች፣ የኤን፣ የቢንና የሲን መለያ ያሳያሉ። የኤው አናት ላይ አዛዡ ውጭውን የሚያይባት፣ ማዕዘን ማዕዘን ያላት ትንሽ ጉልላት አለች፤ የቢው ክብ ነች፤ ሲው ጭራሹን የለውም። በእኛ ፎቶ ላይ ከአያቴ ራስ በላይ ያለው ባዶ ሰማይ ነበር። በመትረየሱ እንዳይለየው የአያቴ ትከሻ ጋርዶታል። አባቴ መስኮት ሥር፣ መብራት ሥር፣ ደግሞ መስኮት ሥር እየወሰደ ሲያያት ሰነበተና፣ አንድ ቀን መነጽሩን አስቀመጠ።

«ሲ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሲ ደግሞ እዚያ አልነበረም።»

ታዲያ አያቴ ዋሽቷል ማለት ነው? አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ እንደነግጥ ነበር።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነ ሰሞን፣ ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ፎቶዋን አወረደ።

«አባባ ምን አደረገህ? መልሰህ ስቀለው!» አለች እትዬ የሺ።

አባቴ ሥዕሎቹን ፊቷ ዘረጋና በጣቱ የቢውን ጉልላት መታ መታ አደረገ። «ይቺ ነበረች መኖር የነበረባት፣ እትዬ። የለችም!»

እትዬ የሺ ሥዕሉን አየችው፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ይቺ ድስት!»

ለካ ድሮ አገር ቤት፣ እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሲሉ፣ የጎረቤት ልጃገረዶች ፎቶዋን አይተው «አባትሽ ድስት ተሸክሟል» እያሉ ሲስቁባት፣ አፍራ ፎቶ ቤት ወስዳ ያቺን ነገር በሰማይ ቀለም አስደፍናት ነበር።

«ስድስት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጠሽ?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክራ መጣች። አባቴ እጇን ያዛት። «ተይ እትዬ፣ ሌላ ፎቶ የለንም። ፊቱን ብታጠፊውስ?»

«ያስደፈንኩት እኔ፣ የምከፍተውም እኔ።»

እኔ የጠረጴዛውን መብራት ተሸክሜ ቆምኩ። ጥጡ መጀመሪያ ምንም አላመጣም፤ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ፤ ከሰማዩ ውስጥ አንድ ጥቁር ጠርዝ ብቅ አለ። ማዕዘን ከሆነ ኤ ነው፣ ያው ከንቱ ነን። ጠርዙ ሳይሰበር ዞረና ከአያቴ ፀጉር በስተጀርባ ገባ።

«ክብ ነች» አለ አባቴ፣ ወንበሩ ላይም ዘጭ አለ።

ከአያቴ ግራ ጆሮ ግማሹ ግን ከቀለሙ ጋር ሄደ።

ዛሬ ስልኬ ውስጥ ያሉትን የልጆቼን ፎቶዎች ቁጥራቸውንም አላውቀው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላውን አወጣለሁ፣ ማንንም የሚያስጨንቅ ፎቶ የለኝም። ያኔ የነበረችን አንዲት ነች፣ የሚያውቃትም ሰው ከእኛው ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በማግሥቱ እትዬ የሺ ፎቶዋንና ሥዕሉን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ አባቴን «አንተ መኪና ውስጥ ጠብቀኝ» ብላ፣ ዉድበሪ ወዳለው የጋሽ ተስፋዬ ቤት ሄደች። ምን እንዳለችው አልነገረችንም። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሩን አስጠግታ ወጣችና፣ ፎቶዋን ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለቻት።