የምትተነፍሰው የሰም አሮጊት

በሰም ምስሎች ማሳያው ሥራ የጀመርኩ ዕለት የታዘዝኩት የአንዲት አሮጊት ፀጉር እንዳጥብ ነበር። አምስተርዳም ውስጥ ሆቴል ሳጸዳ ቆይቼ፣ የእጅ ስፌት እንደምችል የምታውቅ የኦስዶርፕ ሰፈር ጎረቤቴ ናት ወደዚያ የላከችኝ። የመሥሪያ ክፍሉ ኃላፊ ቪለም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

አልጋ ላይ ወደተኛችው ምስል ወሰዱኝና፣ "ቀስ ብለሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ከሞቀ ግንባሯ ይለሰልሳል" አሉኝ። እጄን ራሷ ላይ ሳሳርፍ ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ደንግጬ ወደ ኋላ ስል ቪለም ሳቁ። አልጋው ሥር ትንሽ ሞተር ነበር።

ሙያውን ከእሳቸው ተማርኩ። ፀጉር የሚተከለው ሰሙ ለብ እንዳለ፣ በመርፌ፣ አንድ በአንድ ነው። ፊት በዘይት ቀለም ስስ ስስ እየተደረገ ይደራረባል እንጂ ባንዴ አይቀባም። ጠዋት በሩ ሳይከፈት፣ ጎብኚ የሰበረውን ጣት በጋለ ብረት እንቀጥላለን፣ ከዘፋኞቹ ጉንጭ ላይ የከንፈር ቀለም እንጠርጋለን። አሮጊቷን ግን ማንም አይስማትም።

የቪለም አያት በሞት አፋፍ ያለች አሮጊት አድርገው ለተጓዥ ትርኢት ነበር የሠሯት። ሮተርዳምም ሄግም ድንኳን ተክለው አሳይተዋታል። "ያኔ ሰው የሚሞተው ቤቱ ነበር" አሉኝ ቪለም አንዴ። "ሞትን የማያውቅ አልነበረም። እየሳቁ ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይወጣሉ። አሁን ሆስፒታል ውስጥ መጋረጃ ይሳባል፣ አለቀ።"

አንድ ቅዳሜ ጥበቃው መጥቶ ጠራኝ። "ያገርሽ ሰው መሰሉኝ፣ አልነሳም ብለዋል።" ሄድኩ። ነጠላ የለበሱ ሴት አልጋው ፊት ተንበርክከው ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ። እዚሁ ያደገች ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ፣ "ማማ፣ ሰም እኮ ነው። ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው" ትላለች።

ጥበቃውን "ተዋቸው" አልኩት።

እትዬ አልጋነሽ ይባላሉ፤ የመጡት ሮተርዳም አጠገብ ካለችው ካፔለ አን ደን አይሰል ነው። ሲረጋጉ ወንበር አምጥቼ ውሃ ሰጠኋቸው። "እናትዎን መሰለችዎት?" አልኳቸው።

"አትመስላትም። እናቴ ጠይም ናት" አሉ። "ስትሞት የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝምና አልሄድኩም። የመጨረሻዋን ትንፋሽ አላየሁም። ዛሬ ያየሁት መሰለኝ።"

ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ይመጡ ጀመር። ጥቂት ይቆማሉ፣ ያማትባሉ፣ እኔን ሰላም ብለው ወደ ባቡራቸው ይሄዳሉ። ስልካቸውን ልጠይቅ አስቤ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

ቪለም ጡረታ ከወጡ በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣች። ክፉ ሰው አልነበረችም። ቢሮዋ ጠርታኝ፣ "አሮጊቷ ትነሣ፤ ሰሟም ቀልጦ ለሌላ ምስል ይዋል። ሕፃናት ይፈሯታል። ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናናና ፎቶ ሊነሣ ነው" አለችኝ።

"ለእሷ ብለው የሚመጡ አሉ" አልኳት።

"እነማን?"

እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነበር። ስለ እትዬ አልጋነሽ ነገርኳት። አልሳቀችም። "አዝናለሁ" አለች።

"እሳቸው እስኪመጡ እንኳ ትቆይ።"

"መቼ ይመጣሉ?"

አላውቅም ነበር።

ሄግ ወደሚገኝ አንድ ሙዚየም "ውሰዷት" ብዬ ደወልኩ፤ ሰሙ በጣም ስለተሰነጣጠቀ አንቀበልም አሉ። ለቪለም ደወልኩላቸው። "እኔ አልመጣም" አሉ። "አንቺው አፍርሻት። ፀጉሩን ግን አትጣይው፣ ጥሩ ፀጉር ነው።"

የመስታወት ዓይኖቿን አወጣሁ፣ ፀጉሯን ነቀልኩ፣ እጅና እግሯን ድስት ውስጥ ከተትኩ። ፊቷን መጨረሻ ላይ አስቀረሁት። መቅለጥ የጀመረው ከአፍንጫዋ ነው። ብዙ ምስል አፍርሻለሁ፤ ፊቴን አዙሬ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰሙን ለአንድ ዘፋኝ ትከሻ ተጠቀምንበት።

እትዬ አልጋነሽ ብርዱ ካለፈ በኋላ መጡ። አልጋው በነበረበት ቦታ ዘፋኙ በመብራት ተከቦ ቆሟል፤ ልጃገረዶች እያቀፉት ፎቶ ይነሣሉ። መሥሪያ ክፍሉ በር ድረስ ፈልገውኝ መጡ።

"የት ወሰዳችኋት?" አሉኝ።

"አፈረስናት፣ እትዬ።"

"መቼ?"

"ብርዱ ሲጀምር።"

በሩን ተደግፈው ቆሙ። "የእናቴንም እንዲህ ነው የነገሩኝ" አሉ። "ተቀብራ፣ ተዝካሯ ወጥቶ ካለቀ በኋላ። እንዳልደነግጥ ብለው።" ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አንቺ ምን ታደርጊ፣ ታዛዥ ነሽ" አሉኝ። እስከ ትራሙ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ምስል ጊዜው ሲደርስ ይፈርሳል፤ ይህ የሥራው ጠባይ ነው። ከመፍረሱ በፊት ግን የሚፈርስበት ቀን በሩ ላይ ይለጠፍ። የሚሰናበት ሰው ሊኖር ይችላል።